መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀመሩ ቀጥሎ፦ ለከፍተኛ ትምህርት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። በቅርቡ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የአንድ የወጪ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ምርቱ ሲጨምር ወጪው በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚያሳየውን ስሌት፣ በሁለት መስመር ሠርታ አሳየችኝ። «ይሄ ቁጥር ምን ይነግረናል?» አልኳት። ዝም አለች። አንድ ተጨማሪ ዕቃ ማምረት በግምት ስንት እንደሚያስወጣ የሚናገረው ቁጥር እጇ ላይ ነበር። ጥፋቱ የሷ አይደለም። እኛ ነን ቀመሩን አስቀድመን፣ ሃያ መልመጃ አስከትለን፣ «ጥቅሙን በኋላ ታዩታላችሁ» የምንለው። ያ «በኋላ» ግን አይመጣም።

እናም ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። የአውቶቡስ ቲኬት 30 ሲሆን 40 ሰው ይሳፈራል፤ ዋጋው አንድ በጨመረ ቁጥር ሁለት ሰው ይቀራል፣ አንድ በቀነሰ ቁጥር ሁለት ይጨመራል። ሥራ አስኪያጁ ገቢ አነሰኝ ብሎ ቲኬቱን 35 ሊያደርገው ነው። ምን ትመክሩታላችሁ?

ግማሹ ክፍል «ይጨምር» አለ። ሲያሰሉት ገቢው ከ1200 ወደ 1050 ወረደ። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። አንዱ ተማሪ ወደ ታች እየሞከረ ሄደ። 25 ላይ 1250 አገኘ፤ 24 ላይ መልሶ ቀነሰበት። «አንድ በአንድ ከመሞከር አቋራጭ የለውም እንዴ?» አለ። ዴሪቬቲቭን ያን ቀን አስተማርኩ። ለምነው ተማሩት ማለት ይቻላል።

ችግር-ተኮር ትምህርት የሚባለው ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን በዚህ መንገድ ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ደግሞ ኢኮኖሚክስንም እንዲሁ ያስተምራል፤ በትንንሽ ቡድን፣ ከችግር ተነስቶ።

ግን አደራዎን፣ ስሙን ብቻ በመመሪያ እንዳይልኩልን። ታጭቆ በሞላ አዳራሽ ውስጥ ይህ ዘዴ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስማቸውን የሚጽፉበት የቡድን ሥራ ሆኖ ይቀራል። መልመጃም ይቅር አላልኩም። በመልመጃ እጁ ያልተፍታታ ተማሪ ላግራንዥ ላይ (ገደብ ባለበት የተሻለውን ምርጫ የምናሰላበት ዘዴ ነው) ሲደርስ ይወላከፋል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈተናው ይቀየር። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። ከውጤቱ ግማሹ ችግሩን ወደ እኩልታ ለመለወጥና መልሱን ሒሳብ ለማያውቅ ሰው በቃላት ለማስረዳት ይሰጥ። ማረም ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ለአራሚዎች ሰዓት ይመደብ።

የአውቶቡሱን ጥያቄ ከፈለጉ እልክልዎታለሁ። አሁን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚወጣውን ወጪ ጨምሬበታለሁ። ያኔ ትርፍ የሚበዛበት ዋጋ ከ25 በላይ ይሆናል፤ ተማሪዎቹም ለምን እንደሆነ ገና እየተከራከሩ ነው።