እማ፣ መርዶውን እንንገራት

እማዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? መርሳስ ሰዉ እንዴት ከረመ?

የአጎቴን ሞት ሪያድ ሰው ቤት ለምትሠራው እህቴ «እስክትመጣ አትስማ» ማለታችሁን ሰማሁ። አዝናችሁላት ነው፤ ግን አይበጅም። ሪያድ የወሎ ልጅ ሞልቶ የለ እንዴ? አንዱ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፎ «አላህ ይዘንለት» ሲል ታየዋለች። ከዚያ ወዲያ «ሁላችንም ደህና ነን» ብትሏት አታምንም፤ በደወላችሁ ቁጥር ደግሞ ማን እንደሞተ ስታሰላስል ታድራለች። ሰው ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ልጅ እንቅልፏን ካጣች ምን ይተርፋታል?

እንደኛ ወግ ማለዳ መንገር ግን እዚያ አይሆንም። እዚህ ጎረቤቱ ከቦ ይይዝሻል፤ እሷ ለብቻዋ ሰምታ፣ ፊቷን ታጥባ ቁርስ ልታቀርብ ነው። ጁምዓ ዕረፍቷ ነው ብለሽም አትገምቺ፤ ብዙ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ የሚበላበት፣ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። መቼ ነፃ እንደምትሆን ቀድመሽ ጠይቂያት። ሰዓቱ ከኛ ጋር እኩል ነው። ከተቻለ ጓደኛዋ አጠገቧ ትሁን፤ ካልሆነም በስልክ ትጠብቃት። ያንቺም ስልክ ቻርጁ ይሙላ፤ «ሞተ» ብለሽ መስመሩ ቢቋረጥ ክፉ ነው።

«ትንሽ አሞት ነበር» እያልሽ አታዙሪ። መሞቱን፣ ቀኑን፣ በምን እንደሞተና የት እንደተቀበረ ንገሪያት፤ ከዚያ ታልቅስ፣ አንቺም አልቅሺ። ወዳጃው፣ የጋራ ዱዓው፣ ሲደረግ ስልኩን ከፍታችሁ አሰሟት። ለሰደቃው ላዋጣ ካለች ጥቂትም ብትሆን ተቀበሏት፤ ከሐዘኑ የገባች ይመስላታል። ለቤቱ ቆርቆሮ ከእሷ የሚጠበቀውን ገንዘብ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ማንም እንዳያነሳባት!

ማልቀሷ በሽታ አይደለም። ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከዘጋት፣ ሥራው ካቃታት ግን ሐኪም ያስፈልጋታል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ደግሞ ቀን አይቆጠርም። «ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። መጠየቅ ያላሰበችውን አያሳስባትም፤ እንዲያውም ሸክሟን ያቀልላታል። አዎ ካለች ስልኩን ሳትዘጊ፣ እዚያው ያለ ሌላ ሰው በሌላ ስልክ ጓደኛዋን ይጥራ፤ ቀጥሎ ለእኔና ሪያድ ላለው ኤምባሲያችን ይደወል።

ለዚህም ቢሆን የፓስፖርቷና የኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ቁጥር፣ የአሠሪዋ ሙሉ ስምና ስልክ፣ የሰፈሩ ስም በእጃችሁ ሊኖር ይገባል። «ሪያድ ነው ያለችው» ብቻ ብትሉ ማን ያገኛታል? ከእሷ ተቀበሉና በወረቀት ጻፉት፤ ታናሼ ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ በቴሌግራም ይላክልኝ።

ልጅሽ፣ ከአዲስ አበባ