አሮጌዋ መኪና ሳትሸጥ በወጉ ፎቶ ትነሣ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት የቤተሰባችንን ፎቶዎች ሳገላብጥ፣ አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት የነዳት ቮልስ የምትታይበት ፎቶ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እሱንም ያነሣው ልትሸጥ ሰሞን የመጣ ደላላ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ፒያሳ፣ ከግቢያችን በር ላይ ቆማ ሳለች ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግቶ ስላነሣት፣ ኮፈኗ በፀሐይ ነጥቶ ቀለሟ አይለይም፣ ጎማዎቿ በጥላ ተውጠዋል፣ የፊት መብራቷም ከኋላ ጎማዋ ገዝፎ ይታያል። ከጀርባዋ የነበረው ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ከወገቡ ተቆርጧል። ቮልሷ ተሸጠች፤ ቤቱም በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ፈረሰ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ አሮጌ መኪና በደጃቸው ያቆሙ አንባቢዎች እኔ ያጣሁትን እንዳያጡ ነው።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይመስለኝም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ መንገዶቻችን በፍጥነት መልክ እየለወጡ ነው። ታክሲ ሆና ያገለገለችን ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር፤ ላዳም መልኳን የወረሰችው ከፊያት 124 ነው፤ የመጨረሻዋ ባለ ድሮ ቅርጽ ቮልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ አበቃ። ዛሬ በፒያሳና በለገሃር መካከል ቆመው የምናያቸው ጥቂቶች ሲሄዱ ምትክ አይመጣላቸውም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ብርሃንን ማወቅ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ በሌሎቹ ወራትም ቢሆን የቀትር ብርሃን ጣሪያውንና ኮፈኑን አቃጥሎ ጎኑን ያጨልማል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለውን ጊዜ መጠቀም ይገባል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ በመሆኑ፣ በእሱም ሆነ ከእሱ ትይዩ በሆኑት መንገዶች፣ ጠዋት ብርሃን የሚያርፈው በምዕራቡ ጠርዝ በቆሙት መኪኖች የመንገድ ጎን ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተራው በምሥራቁ ጠርዝ ለቆሙት ይደርሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ለስላሳ ብርሃን ለቀለም እጅግ ይስማማል፤ ሆኖም በእኛ አገር ከ20 ደቂቃ ብዙም ስለማይዘልቅ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መጠበቅና ስልኩን ግንብ ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በክረምት ፎቶ ማንሣት ይተዋል። እኔ ግን ለቆመ መኪና ከሐምሌ ደመና የተሻለ ብርሃን አላውቅም፤ ጥላው ይሳሳል፣ የላሜራው ጎበጥ ጎበጥ ያለ ቅርጽም ሳይቆራረጥ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ስለሚያይ፣ ተጠግተው ሲያነሡበት የቀረበውን ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል፤ የአባቴን ቮልስ ያበላሸውም ይኸው ነው። ቮልስ 4 ሜትር ከትንሽ ርዝመት አላት፤ ሰባት ወይም ስምንት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቆ በስልኩ ሁለት እጥፍ ማቅረቢያ (2x ዙም) ማንሣት ትክክለኛ ቁመናዋን ይመልስላታል። ቆሞ ከላይ ወደ ታች ከማንሣትም ይልቅ በርከክ ብሎ ካሜራውን በፊት መብራቷ ከፍታ መያዝ መኪናዋን ያከብራታል። የምትታየው ፊቷም ጎኗም አንድ ላይ እንዲሆኑ ከማዕዘን ቢቆሙ መልካም ነው፤ የፊት ጎማው በትንሹ ዞሮ ቸርኬው ወደ ካሜራው ቢመለከት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ቁልቁለት ላይ ግን መሪው ለፎቶ ተብሎ ከመዞሩ በፊት የእጅ ፍሬኑ መያዙንና ጎማው ሥር ታኮ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። በተዳፋት መንገድ ላይ ካሜራውን ከመኪናዋ ጋር ያስተካከሉ እንደሆነ ሕንጻዎቹ ይወድቁ ይመስላሉ። ሕንጻዎቹን ቀጥ አድርጎ መኪናዋ ከመንገዱ ጋር እንድታዘነብል መተው ይሻላል፤ የቆመችበት ዳገት የታሪኳ ክፍል ነውና።

የመኪና ቀለምና መስኮት እንደ ፊት ማያ መስተዋት ከፊታቸው ያለውን መልሰው ያሳያሉ። በሩ ላይ የራስዎን ጥላ፣ የፊት መስታወቱም ላይ ሰማዩን ካዩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የፖላራይዝድ መነጽር ያለው ሰው አንዱን መስታወት ከስልኩ ካሜራ ፊት ይዞ ቀስ እያለ ቢያዞረው ከመስታወቱና ከቀለሙ ላይ ነጸብራቁ ሲቀንስ ያያል፤ ኒኬል የተነከሩት ፓራውልትና ቸርኬ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ነጭ መኪና ፍሬሙን ስትሞላ ስልኩ አመዳም ስለሚያደርጋት ብርሃኑን በጥቂቱ መጨመር፣ ጥቁር ከሆነች ደግሞ መቀነስ ነው። አቧራዋ ይጠረግ እንጂ ውኃ አይርከፈከፍባት፤ እርጥብ ቀለም ጭረትንና መደብዘዝን ይሸፍናል፣ ለገዢም ለትዝታም ሐሰት ይሆናል። ስቱኮ የተቀባበትን ቦታ የጎን ብርሃን ያጋልጠዋል፤ ይጋለጥ። ያ የመኪናዋ ዕድሜ ነው።

ስለ ጀርባው አጥብቄ እለምናለሁ። ከጣሪያዋ የበቀለ የሚመስል የመብራት እንጨት እንዳይኖር መጠንቀቅ ተገቢ ቢሆንም፣ ጀርባውን ባዶ ለማድረግ ተብሎ ሰፈሩ አይቆረጥ። ቢያንስ አንድ ፎቶ ቤቱን ከነጣሪያው፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የመንገዱን መታጠፊያ ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ1929 ከተመረቀው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመች ፔጆ 404 የት እንደ ነበረች ማንም ሳይነግረን እናውቃለን፤ ግድግዳ ብቻ ከኋላዋ ያለ ከሆነ ግን ልጆቻችን ቦታውን አያገኙትም። ከዚያ በኋላ ጋቢናውን፣ ያለቀውን መሪ፣ ስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ በቅርብ ማንሣት ይቻላል።

የሌላ ሰው መኪና ከሆነ ባለቤቱን፣ በመሥሪያ ቤት አጠገብም ከሆነ ጥበቃውን ማስፈቀድ ይገባል። ፎቶው ለሕዝብ የሚወጣ ከሆነ ታርጋው ይሸፈን። ከጎኗ የቆመ ሰው ካለም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ በመርህ ደረጃ የሚከለክል መሆኑ አይዘንጋ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎ ከገጾቹ በአንዱ ጥግ አንባቢዎች የሚልኩትን የአሮጌ መኪና ፎቶ፣ ከተነሣበት ዓመትና ቦታ ጋር፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያደረገ ቢያወጣ ምኞቴ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ የአባቴን ቮልስ ፎቶ እኔ እልካለሁ። የሰገነቱ ግማሽ ይታያልና፣ ቤቱን በሙሉ ያነሣ የቀድሞ ጎረቤታችን አይቶ ሊለየው ይችል ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ