የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ለተማሪዎች ስጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዲጂታል ትምህርት የምታወጡትን ጽሑፍ እከታተላለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ወሬው ሁልጊዜ ስለ ዕቃ ነው። ይህን ያህል ኮምፒውተር ተበረከተ፣ ይህን ያህል ታብሌት ተከፋፈለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ከርክክቡ በኋላ ዕቃው ምን ሆነ የሚል ዘገባ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከርክክቡ በኋላ ያለውን እኔ ልንገራችሁ።

ክፍሉ ይቆለፋል። በቃ።

ቀድሞ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹ በልካቸው የተሰፋ ጨርቅ ለብሰው ነበር። ጨርቁ የሚገለጠው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ነው። ቁልፉ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ያ ሰው ስብሰባ ከሄደ ወይም ለቅሶ ከደረሰ ተግባር ትምህርት የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ማውስን መጽሐፍ ላይ በሥዕል ያዩታል። «ማውስ ማለት…» ብለው ትርጉሙን ያጠናሉ፣ ፈተና ላይ ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ። እንግዲህ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ማውስ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ የዕድሜ ልክ ፈተናው ቀን ከማውስ ጋር ይተዋወቃል ማለት ነው።

ቁልፍ ያዡ ላይ አልፈርድም። ዕቃው ሲመጣ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መቀበያ ቅጽ ገቢ ይሆናል። ከዚያ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ወጪ ተደርጎ በስሙ ይመዘገባል። ማውስ ቢጠፋ ከደመወዙ። ስክሪን ቢሰነጠቅ ከደመወዙ። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ስንት እንደሆነች ታውቃላችሁ። እናንተ ብትሆኑ ትከፍታላችሁ? እኔ እንጃ። ኮምፒውተሩ ሳይነካ አርጅቶ ቢሞት ማንም አይጠየቅም። ሲሠራበት ከተበላሸ ግን ተጠያቂ ይፈለጋል። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ብልህ ሰው ይቆልፋል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ፕላዝማው፣ ያ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ በ1997 ዓ.ም. ሲመጣ ገና ጀማሪ መምህርት ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ነበር የሚለቀቀው። አንዳንዱ ክፍል፣ በተለይ እኛ ዕቃ የሌለን የላብራቶሪ ሥራ፣ እውነት ለመናገር ግሩም ነበር። ግን አስተማሪዋ ስክሪኑ ውስጥ ያለችው ሆነችና እኛ አብሪና አጥፊ ሆንን። ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ልጆቹ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ተናግራ ታልፋለች። መብራት ከሄደ ያለፈው አለፈ።

ያኔ አንድ ነገር አስተውያለሁ። የሳተላይት ሥርጭቱን የሚቀበለው ዲኮደር ሲያስቸግር ቴክኒሻን እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ይነሳል፣ ገመዱን ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ሥዕሉ ይመጣል። ማንም አላስተማረውም። ማንም አላመሰገነውም። እንዲያውም «ማን ንካ አለህ?» ተብሎ ተገሥጿል።

የዛሬዎቹን ልጆች ደግሞ እዩአቸው። ጠዋት በር ላይ ተፈትሸው ስልክ የያዘ ይቀማል። ማታ እቤት ሲገቡ የአባታቸውን ቴሌብር የሚከፍቱት፣ የእናታቸውን ስልክ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጥቶ የታተመው መጽሐፍ አልዳረስ ሲል ሶፍት ኮፒውን በቴሌግራም ያዳረሱት ልጆቹ ናቸው። ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይም መጽሐፉ አልቆመም። ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። የሒሳቡን መጽሐፍ እኔ ራሴ ያገኘሁት ከተማሪ ነው። ይህን ሥራ የትኛውም ሪፖርት ላይ አላየሁትም። ኮሚቴ ስላልተቋቋመለት ይሆናል።

አሁን ባለሁበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ደፈር ያሉ ሰው ናቸው። የአይሲቲ (የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ክበቡን ለስሙ ብቻ ከመያዝ ሥራ እንስጠው ተባባልን። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ልጆች ተመረጡ። በተቃራኒ ፈረቃ እየመጡ ክፍሉን ይከፍታሉ፣ እኔ ወይም የአይሲቲ መምህሩ አብረን እንሆናለን።

መጀመሪያ ያደረጉት ሞተዋል የተባሉትን ማስነሳት ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ሲበራ «ጢጥ፣ ጢጥ» ብቻ ይላል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሶኬቱን ነቅላ ጎኑን ፈታች። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ አወጣችና ወርቃማውን ጫፍ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጋ አሸች። ጥቁር ነገር ላጲሱ ላይ ቀረ። ብናኙን ጠርጋ ቀጭ እስኪል መልሳ ከተተችው። በራ። የበራው ደግሞ ቀኑን ከሃያ ዓመት በፊት አድርጎ ነው፤ የማዘርቦርዱ፣ የዋናው ሰሌዳ፣ ባትሪ አልቆበታል። ይቺ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት፣ ዋጋዋም ያን ያህል አይደለም። «ይህን ከየት አወቅሽ?» አልኳት። ወንድሟ አራዳ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ስታደርስለት ቆማ ታያለች። አሁን ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ ስላቆመ፣ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም የማይችሉት ማሽኖች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት እንጫን እያሉ ይሟገቱኛል። ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይችለዋል። የምፈቅድላቸው ይመስለኛል።

ጥገናው ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ከመምህራን ጋር የሠሩት ነው። ለጡረታ የተቃረቡ የኬሚስትሪ መምህር አሉን። ሥልጠና በተጠራ ቁጥር ሄደዋል፣ ውሎ አበሉን ፈርመው ተመልሰዋል። ኮምፒውተር ግን አይነኩም። የሚያፍሩ ይመስለኛል። ይቺው ልጅ ተመደበችላቸው። መጀመሪያ ቀን «ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ…» ብለው ጀመሩ። እሷም «ቲቸር፣ እርስዎ ኬሚስትሪውን ይንገሩኝ፣ ማሽኑን ለእኔ ይተዉት» አለቻቸው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያድለው ፌት የሚባል፣ የሳይንስ ሙከራን በስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኔ የኤሌክትሪክ ሰርኪውት የማስተምረው በእሱ ነው፤ ለስድሳ ልጅ የሚበቃ አምፖልና ሽቦ ከየት አመጣለሁ? ለኬሚስትሪ መምህሩ ልጅቷ የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠኛውን ከፈተችላቸው። አተሞቹ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፣ ቁጥሩን ስትለውጥ ሚዛኑ ያጋድላል። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ይኼ'ኮ ስህተት ሲሠሩም ያሳያቸዋል» አሉ። ከዚያ ተገላቢጦሽ ሆነ። የትኛው ጥያቄ ይቅደም፣ የት ላይ ቆም ይባል፣ ልጆቹ የቱን ያምታታሉ የሚለውን እሳቸው ያስተምሯት ጀመር። እሷ ኬሚስትሪ ተማረች፣ እሳቸው ማውስ ለመዱ። ውሎ አበል የለም።

ይህ የእኛ ግኝት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ግዛት ኦሎምፒያ የምትባል ከተማ፣ ዴኒስ ሃርፐር የተባለ የትምህርት ባለሙያ እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮታል። መምህሩን ለሁለት ቀን አሠልጥኖ ከመበተን ተማሪውን አሠልጥኖ ከመምህሩ ጋር ማጣመር። መምህሩ ትምህርቱን ያመጣል፣ ተማሪው በቴክኖሎጂው ይሠራዋል። ኋላ ጄኔሬሽን የስ የሚባለው እሱ ነው። ነገሩ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። አሠልጣኝ ይሄዳል። ተማሪው ግን ነገም እዚያው ነው። ማክሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል የአዲስ አበባ አሠልጣኝ አይደርስልህም።

ፈረንጅ አገር ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ እዚሁ አለልን። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቆላ ድባን ወደመሳሰሉ ቦታዎች እየወጡ ሕዝብ እያገለገሉ ይማሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ዛሬም «ቲም ትሬኒንግ»፣ የቡድን ሥልጠና፣ ይለዋል። ተማሪ ሕዝብ እንዲያክም ያመነች ከተማ ተማሪ ኮምፒውተር እንዲከፍት ማመን እንዴት ያቅታታል? የአብነት ትምህርት ቤቱማ ከዚያም ይቀድማል። ቀደም ያለው ልጅ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ ያስጠናል። የኔታ ሁሉን ብቻቸውን ቢይዙት ኖሮ ትምህርቱ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

ወላጆች የሚሉትን ሰምቻለሁ። አንድ አባት መጥተው «ልጄን ለትምህርት ነው የላክሁት፣ ለጥገና አይደለም» ብለውኛል። እውነት አላቸው። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ልጅ አይነካ። ሥራው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሁን። ኮምፒውተር ክፍል መጥረግና ወንበር መሸከም የክበቡ ሥራ ተደርጎ እንዳይወሰድ። ሴቶች ልጆች ከግማሽ እንዳያንሱ፤ ካልታሰበበት ወንዶቹ ኪቦርዱን ይዘው ሴቶቹ መዝገብ ያዥ ይሆናሉ። በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሮስተር፣ የተማሪ ውጤት መዝገብ፣ ላይ ተማሪ አይግባ። አንዳንዶቻችን ውጤት ማስገባት ሲሰለቸን «እስቲ አንተ ሙላልኝ» እንላለን። የልጁን እጅ ከጓደኛው ማርክ ጋር ማገናኘት ለእሱም ጥሩ አይደለም።

የከተማችንን ትምህርት መምሪያ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። በመምህር ክትትል ሥር ተማሪ ሲጠቀምበት የተበላሸ ዕቃ በአገልግሎት እንደተበላሸ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ይወገድ፣ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ የሚል። ይህ ደብዳቤ ቢወጣ አብዛኛው ቁልፍ በሳምንቱ ይከፈታል ባይ ነኝ። የንብረት ክፍል ሰዎች ይሄ ለሌባ በር ይከፍታል እንደሚሉ አውቃለሁ። የጠፋና የተበላሸ ግን ለየቅል ነው። የጠፋውን ፈልጉ፣ ጠይቁ። ሲሠራበት የተበላሸውን ተዉት።

ዩኒቨርሲቲውንም አንድ ነገር ልለምን። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችሁን ክረምት ላይ ለጥቂት ቀን ስጡን። መምህራንን እንዲያሠለጥኑ አይደለም። ልጆቹን ያሠልጥኑልን፣ የቀረውን ልጆቹ ይጨርሱታል። ኪዊክስ የሚባለውን ድረ ገጽ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ቢመጡ ደግሞ ዊኪፔዲያን ያለ ኔትወርክ እናነባለን። ኔትወርኩ እንደሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ይህን አንብባችሁ ዕቃ እንስጥ የምትሉ የጎንደር ልጆች፣ ውጭ አገር ያላችሁም ጭምር፣ እባካችሁ ኮምፒውተር አትላኩልን። አለን። ስታብላይዘር (የኤሌክትሪክ ኃይል ማረጋጊያ)፣ የሶኬት ማከፋፈያ፣ ጥቂት የማዘርቦርድ ባትሪና ፍላሽ ከተገኘ ለጊዜው ይበቃናል። ሞዴል 22ቱ በማን ስም እንደሚቆረጥ ግን ዕቃው ሳይመጣ እንነጋገር።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህርት፣ ከጎንደር