የውሃ ቀለም ጨለማ የሚቀመጠው በስስት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዛዊው ሰዓሊ ተርነር የራይን ወንዝ ስዕሎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ዘጋቢያችሁ የውሃ ቀለም ስዕሎች መሳቢያ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ መቀመጣቸውን “የሀብታም ስስት” ብሎታል። ስህተት ነው። ያውም አንድ ሰዓሊ ጋ ቢደወል ኖሮ የማይፈጠር ስህተት!

ተርነር ወደ ራይን የሄደው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። ወንዙን እየተከተለ በእርሳስ ነደፈ። ግራጫ በተቀባ ወረቀት ላይም ሃምሳ ያህል ስዕል ሠራ። ወዳጁና ደንበኛው የነበረው ባለጸጋ ዋልተር ፎክስ ገዛቸውና ዮርክሻየር ውስጥ ፋርንሊ ሆል ወደሚባለው የገጠር ቤቱ ወሰዳቸው። ይህ ሰው በ1819 የለንደን ቤቱን ከፍቶ የውሃ ቀለም ስብስቡን ለሕዝብ አሳይቷል። ስስታም እንዲህ ያደርጋል? ዘገባችሁ ይህን ለምን ዘለለው?

የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ የሚያርፈው በጣም ስስ ሆኖ ነው። ብርሃን ይበላዋል። ተርነር ይጠቀምበት የነበረው ኢንዲጎ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ቶሎ ከሚጠፉት አንዱ ነው። ከቀይ ጋር ተደባልቆ ከነበረ ሰማያዊው ይሄድና ቀዩ ይቀራል፤ ዳመናው ሌላ ዳመና ይሆናል። በ1886 በዚሁ ጉዳይ የእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ራስልና አብኒ የተባሉ ሳይንቲስቶች መርምረው በ1888 ውጤቱን አወጡ፤ ብርሃን ብዙዎቹን ቀለሞች እንደሚያደበዝዝ አሳዩ። ስዕል ሰብሳቢው ሄንሪ ቮን ደግሞ ለኤድንብራው ብሔራዊ ጋለሪ የተርነር ስዕሎቹን ሲያወርስ በጃንዋሪ ብቻ እንዲታዩ ተናዘዘ። በዚያ ወር ስኮትላንድ ውስጥ ብርሃኑ ደካማ ነው። ስዕሎቹ 1900 ላይ ጋለሪው ገቡ፤ ቀለማቸው ዛሬም ያምራል።

ሕዝቡ ስዕሎቹን አለማየቱ ያስቆጫል ካላችሁ እስማማለሁ። ታዲያ ባለቤቶቹን መቼና ለስንት ጊዜ እንደሚያሳዩ ጠይቋቸው እንጂ ጨለማውን ወንጀል አታድርጉት።

እኔ አዲስ አበባ የምኖር የውሃ ቀለም ሰዓሊ ነኝ። አንድ ሆቴል በቀብድ የወሰደውን ስዕሌን ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አንሱት ብዬ ለመንኩ። “ስዕል የሚገዛው ሊታይ አይደል እንዴ?” አሉኝ። ስዕሉ ላይ ያለው ሰማይ ሲነጣ “ርካሽ ቀለም ተጠቅመህ ነው” ብለው ስዕሉን መለሱልኝ፤ ቀሪ ሂሳቤንም ከለከሉኝ። ነገ ሌላው ደንበኛ ጋዜጣችሁን ይዞ ይመጣብኛል። ይሄ ነው ያናደደኝ። ስለ ዘይት ቅብ ስትጽፉ ሰዓሊ ታነጋግራላችሁ። በውሃ ቀለም የምንሠራውን ግን ማንም አይጠይቀንም፤ የልጆች መጫወቻ የያዝን ይመስል!

ዘጋቢያችሁ ስቱዲዮዬ ይምጣ። ያንን የተመለሰ ስዕል ከፍሬሙ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ፍሬሙ የሸፈነው ጠርዝ አሁንም ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ነጥቷል። እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን እጠብቃለሁ።

አንድ የውሃ ቀለም ሰዓሊ፣ ከአዲስ አበባ