ጦሩን የያዘው እጅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም ስለ «ዘ ሊትል መርሜይድ» የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለወጣው የዲዝኒ አኒሜሽን ነው። ጸሐፊዋ፣ ኤሪየል የምትባለው ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነች የባሕር ልዕልት ለወንድ ስትል ድምፅዋን የሸጠች፣ ለሴት ልጆች መጥፎ ምሳሌ የሆነች ናት ይላሉ። እኔም ፌሚኒስት ነኝ፤ በዚህ ግን አልስማማም።

ልጅቷ ሰው መሆን የተመኘችው በኋላ የወደደችውን ልዑል ከማየቷ በፊት ነው። እስቲ ዋሻዋን አስታውሱት። ከሰመጡ መርከቦች የለቀመችው ሹካ፣ መጽሐፍ፣ የሻማ ማስቀመጫ፣ ምን የሌለ አለ፣ እስከ ላይ ድረስ ተደርድሯል። እዚያ ቁጭ ብላ የምትዘፍነውም ስለ ወንድ አይደለም። ስለ መራመድ ነው፣ ስለ መሮጥ ነው፣ እሳት ምንድን ነው፣ ለምንስ ያቃጥላል እያለች ነው። ማወቅ የጠማት ልጅ ናት።

ከዚያ ከሰው ዓለም የሚከለክላት አባትየው መጣ። ንጉሥ ትራይተን ባለሦስት ጣት አስማታዊ ጦሩን አንስቶ ያንን ሁሉ ዓይኗ እያየ እንክትክቱን አወጣው። እሷ ተደፍታ ስታለቅስ የባሕር ጠንቋይዋ የኡርሱላ መልእክተኞች ከች ያሉት ልክ ያኔ ነው! ምርጫዋ የምንለው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ወይ ድምፅሽን ሰጥተሽ ለ3 ቀን እግር ይኑርሽ፣ ወይ እዚያው አባትሽ ጋ ተመለሽ።

ወንዶች ለፍላፊ ሴት አይወዱም የሚለው ምክርም የኡርሱላ ነው። ልጅቷን ለማጥመድ የምትለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የፊልሙ መልእክት አድርጎ ይይዘዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ መጨረሻው ነው። ትራይተን ያንኑ ጦር ውኃው ላይ ሲያደርገው ልጁ እግር አወጣች። በቃ፣ ይሄው ነው። ውል አልፈረመች፣ ድምፅዋን አልተጠየቀች። ለካ ከመጀመሪያውም ይችል ኖሯል! ታዲያ ያን ሁሉ ዋጋ የከፈለችው መስጠት የሚችለው ሰው ስለከለከላት አይደለም? እሷን «ለምን ሸጠች» ስንል እሱን «ለምን ከለከልክ» ያለው ሰው የት አለ?

ፊልሙ ችግር የለበትም አላልኩም። ገና 16 ዓመቷ ነው፣ እግሯን በቅጡ ሳትለምደው ሠርግ ተደገሰ፤ ከአባት እጅ ወደ ባል እጅ። ያቺ ስለ እሳት ስትጠይቅ የነበረች ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንዳወቀች አናይም፤ ይሄ እኔንም ያናድደኛል።

ጸሐፊዋን የምለምነው ፊልሙን ደግመው እንዲያዩት ነው። ዋሻው የሚፈርስበት ቦታ ላይ ያቁሙትና ጦሩን የያዘውን እጅ ይዩት። ስለ እሱ ምርጫም ይጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ