የልጄ ጫማ ቁጥር

እማዬ እንደምን አለሽልኝ፣ አባዬስ ጉልበቱ እንዴት ሆነለት፣ እትዬና ልጆቿ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል እኔም ከአፌ አልወጣ አለኝ፣ ስለዚህ በፅሁፍ ይሻላል ብዬ ነው፣ እትዬ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ከስሩ ልጀምርልሽ። የዛሬ ሶስት ሳምንት ቅዳሜ እዚህ ያለው ኮሚኒቲያችን የቤተሰብ ቀን አዘጋጅቶ ነበር። ሜይ 15 አለም አቀፍ የቤተሰብ ቀን ነው፣ ዩኤን በ1993 ወስኖት ከ1994 ጀምሮ በየአመቱ ይከበራል፣ የኛዎቹ ደሞ ሰው ስራ ስለሚይዘው በቅርቡ ወዳለው ቅዳሜ ያዞሩታል። እስካሁን ባለቤቴና ልጅቷ ብቻ ነበሩ የሚሄዱት፣ እኔ ወይ ስራ ነኝ ወይ ተኝቻለሁ። ዘንድሮ አርብ ማታ ለስራ ስወጣ ትንሿ በር ላይ ጃኬቴን ይዛ "ነገ አትተኛም አይደል?" አለችኝ። አልተኛም አልኳት። ጠዋት አንድ ሰአት ላይ ከሺፍት ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ ልብስ ቀየርኩ፣ በቃ ሄድን።

መግቢያው ላይ ቅርጫት አስቀምጠዋል፣ ስልክሽ ላይ ቁጥር ይለጥፉበትና እዛ ውስጥ ትተሽው ትገቢያለሽ፣ ስትወጪ ትወስጃለሽ። ሱፐርቫይዘሬ ሰው ሲቀርበት እኔ ጋ ስለሚደውል ትንሽ አመነታሁ፣ ግን ልጅቷ እያየችኝ ነበር፣ ከተትኩት። ገመድ ጉተታ ነበር፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ዝላይ ነበር፣ ልጆቹ ሲንጫጩ ደስ ይላል። ከዛ አንድ ጨዋታ መጣ። ልጆቹን ቀደም ብለው ስለራሳቸው አስር ጥያቄ ጠይቀው መልሳቸውን ካርድ ላይ ፅፈውታል፣ ከዛ አባትና ልጅ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አባትየው ይጠየቃል። የቅርብ ጓደኛዋ ማናት፣ ምንድነው የሚያስፈራት፣ ማታ ስትተኛ ምን ታቅፋለች፣ እንዲህ እንዲህ አይነት። እማዬ ከአስሩ ሶስት ነው ያገኘሁት። ጫማዋ ስንት ቁጥር ነው ሲሉኝ ግን በሙሉ ልብ 28 አልኩ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ገዝቼላት ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየሮጠች ስትለካው ሁሉ አይኔ ላይ አለ። ካርዱ 31 ይላል። ልጅቷ አልሳቀችብኝም፣ ዞራ በጆሮዬ "ማሚ ቀይራልኝ ነው እኮ፣ አንተ ተኝተህ ነበር" አለችኝ። እኔን ማፅናናቷ ነው። እዛ ሳር ላይ ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ።

አጠገቤ ጡረታ የወጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ እድሜ ልካቸውን ፋብሪካ የሰሩ፣ በሰራተኛ ማህበርም የቆዩ ናቸው። በሳምንት ስንት ሰአት ትሰራለህ አሉኝ። አስር አስር ሰአት ስድስት ሌሊት፣ ስልሳ አልኳቸው። ዝም አሉና አለም አቀፉ የስራ ድርጅት በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት እኮ ለፋብሪካ ሰራተኛ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰአት ነበር ያለው፣ አንተ ከመቶ አመት በኋላ ከዛ በላይ ትሰራለህ አሉኝ። በ1981 ደሞ የቤተሰብ ሀላፊነት ስላለባቸው ሰራተኞች ሌላ ስምምነት እንደወጣ፣ ቁጥሩ 156 እንደሆነ፣ እሱም ለሴት ብቻ ሳይሆን ለወንድም ለሴትም እኩል እንደሚል ነገሩኝ። ለወንድም የምትለዋ ነገር ቤት ድረስ ተከተለችኝ። እኔ እኮ እስከዛሬ ልጅ ማሳደግ የባለቤቴ፣ ገንዘብ ማምጣት የኔ እንደሆነ አድርጌ ነበር የያዝኩት፣ እሷም ግን ቀኑን ሙሉ ስራ ነው የምትውለው።

እንዴት እንደምንኖር በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። የልጅ ማቆያ ክፍያ ስለማይቻል እሷ ቀን እኔ ሌሊት ተከፋፍለን ነው፣ ጠዋት በር ላይ ነው የምንገናኘው፣ ቁልፍ ተቀባብለን እሷ ትወጣለች። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ፣ ግን የቀን እንቅልፍ እንቅልፍ አይደለም፣ ሰውነት ብርሃን ሲያይ ቀን መሆኑን ያውቃል፣ መጋረጃ ብትዘጊም አራት አምስት ሰአት ተኝተሽ ትነቂያለሽ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ አለሁ ግን የለሁም። አባዬ ትዝ ይለኛል፣ ማታ አምሽቶ ሲገባ እኛ የተኛን መስለን እንጠብቀው ነበር፣ ብርድ ልብሳችንን ሳብ አርጎ ያለብሰንና ይወጣል። እኔ እሱን እንኳን አላረግኩም፣ ሌሊት የለሁማ።

እና ሰኞ ሱፐርቫይዘሬ ጋ ሄጄ የእሁድ ማታ ሺፍት ይቅርብኝ አልኩት። በፅሁፍ አምጣ አለኝ፣ አመጣሁ፣ ፕሮግራም የሚወጣው በየአራት ሳምንቱ ስለሆነ ትንሽ ቆየ፣ ግን ተፈቀደልኝ። እማዬ አፌ ላይ አልመጣ ያለኝ ይሄ ነው፣ የእሁዱ ደብል ነው የሚከፈለው፣ እናንተ ጋ የሚመጣው ገንዘብም አብዛኛው የእሁዱ ነበር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቀንሳል። አይቋረጥም፣ የአባዬ መድሃኒት በፍፁም አይነካም፣ እሱን ከሌላው ቀን ደሞዜ አወጣለሁ። የሚጓተተው የቤቱ እድሳት ነው፣ እትዬ ቅር እንደሚላት አውቃለሁ፣ እቅዱን አብረን ነው ያወጣነው፣ ግን እኔ ላይ አትፍረጂ በያት። ጨክኜባችሁ አይደለም። ጣራው ዘንድሮ ባይሰራ ለከርሞ ይሰራል፣ ይቺ ልጅ ግን ለከርሞ 31 አታደርግም።

ትናንት የመጀመሪያዋ ነፃ እሁዴ ነበረች። የትም አልሄድንም። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፌ አቆምኳትና እግሯን በእርሳስ ዙሪያውን ሳልኩት፣ እርሳሱ ሲነካት እየኮረኮራት ትሰበሰባለች፣ ሶስቴ ነው የተበላሸብን። 31ዱም ሊጠባት ነው። ከዛ ቁጭ ብላ "የአያቴስ ስንት ነው?" አለችኝ።

እማዬ አላውቀውም። ያንቺንም የአባዬንም። እትዬ ሁለታችሁንም ወረቀት ላይ አቁማ ትሳልና ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ማታ ነው የምደውለው፣ ልጅቷም ሳትተኛ ታገኛችኋለች።

ልጅሽ