ለማኅበሩ አባላት፦ የእሁዱ ሰነድ ማሰባሰቢያ

ውድ አባላት፣ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኮምቦልቻ በተለመደው አዳራሻችን እንገናኝ። በሠራተኛ ማኅበር አባልነታቸው ምክንያት ከሥራ የተባረሩትን ወንድምና እህቶቻችንን ሰነድ አሟልተን አቤቱታውን ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ እንልካለን። ከደሴ የምትመጡ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ስለሚይዝ ማልዳችሁ ውጡ።

ኮሚቴው የግለሰብ ማመልከቻ አያይም፤ የማኅበር ፊርማ ይፈልጋል። ማን እንደሚፈርም እዚያው እንወስናለን። የመምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ሲታሰሩም አቤቱታውን ይዞ የጮኸው ዓለም አቀፉ የመምህራን ማኅበር ነበር።

የቅጥር ውል፣ የስንብት ደብዳቤና የማኅበር መዋጮ የተቆረጠበት የደመወዝ ወረቀት ኮፒ አምጡ። መዋጮው የታየበት መስመር ከሁሉ ይበልጣል፤ አባልነትን የሚያስረዳው እሱ ነው። ታጥፎ የደበዘዘ ከሆነ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ፤ ባለፈው የተምታታብን እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሥራ ለመመለስ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ክስ 3 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፣ ተቀባይነት አያገኝም (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011)፤ የውጭውን መልስ እየጠበቃችሁ እንዳያልፋችሁ አደራ።

ሰነድና ስም ግሩፑ ላይ አትለጥፉ። የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ «አለሁ» በሉን።